ቁርጡን መንገር የነጋዴ ወግ ነው

በዚህ ሳምንታዊ ጋዜጣ ገጾች ላይ ስለ ውጭ ምንዛሪ፣ ስለ ጉምሩክ ቀረጥ፣ ስለ ግብር አከፋፈል፣ ስለ ቡናና ስለ ቅባት እህል ገበያ ብዙ ጠቃሚ ጽሑፍ ሲወጣ ኖሯል፤ ወደ ፊትም እንደሚወጣ አያጠራጥርም። እኔ ዛሬ ለተከበሩ አንባቢዎች የማቀርበው ጉዳይ ግን በሚዛን የማይመዘን፣ በሜትር የማይለካ፣ በመጋዘንም የማይቆለል ነው። ይኸውም የሥራ ማመልከቻውን ለአንድ ድርጅት ካስገባ በኋላ መልሱን ሲጠባበቅ ሳምንታትና ወራት የሚያልፉበት ሰው ጉዳይ ነው። ነገሩ ከንግድ የራቀ መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገር ግን ያለ ሠራተኛ የሚቆም ንግድ ስለሌለ፣ ሠራተኛው የሚገባበት በር እንዴት እንደሚከፈትና እንዴት እንደሚዘጋ መመርመር የንግድ ምክር ቤቱን አባሎች ሁሉ የሚመለከት ነው ብዬ አምናለሁ።

እኔ በአንድ ነጋዴ ጽሕፈት ቤት በጸሐፊነት የማገለግል ስለሆንሁ፣ የክፍት ሥራ ቦታ ማስታወቂያ የሚረቀቀው በእጄ ነው፤ ማመልከቻውንም ተቀብዬ በመዝገብ የማሰፍረውና በፋይል የማኖረው እኔ ነኝ። አሠሪዎች ብዙውን ጊዜ የሚያዩት በመጨረሻ የተመረጡትን ሦስት ወይም አራት ሰዎች ነው። ያልተመረጡትን ሰዎች ፊት የሚያየው፣ የስልክ ጥሪያቸውንም የሚቀበለው ጸሐፊው ነው። እንግዲህ ስለዚህ ነገር ጸሐፊ ካልተናገረ ማን ይናገራል?

የክፍት ሥራ ቦታ ማስታወቂያዎቻችንን ልብ ብሎ ያነበበ ሰው አንድ ነገር ጎልቶ ይታየዋል። ማስታወቂያው «ይህ ማስታወቂያ ከወጣበት ቀን ጀምሮ ባሉት 7 ተከታታይ የሥራ ቀኖች ውስጥ» ይላል፤ «የትምህርትና የሥራ ልምድ ማስረጃችሁን ዋናውንና የማይመለስ ፎቶ ኮፒ ይዛችሁ በአካል ቅረቡ» ይላል፤ «በቂ ዋስ ማቅረብ የሚችል» ይላል። ለአመልካቹ ቀን ተቆርጦለታል፣ ቦታ ተወስኖለታል፣ ግዴታም ተደርድሮለታል። ቀጣሪው ግን በራሱ ላይ የቆረጠው ቀን የለም። ፈተናው መቼ እንደሚሰጥ፣ ውጤቱ መቼ እንደሚነገር፣ ያልተመረጠውም ሰው አለመመረጡን በምን መንገድ እንደሚያውቅ አንድም ቃል አይገኝበትም። ብዙ ቢባል በመጨረሻው መስመር ላይ «ለፈተና የተመረጡትን በስልክ እንጠራለን» የሚል ይጨመርበታል። ይህም ቃል ሲተረጐም፣ ያልተጠራው ሰው እስኪሰለቸው ድረስ ይጠብቅ ማለት ነው።

መጠበቅ ወጪ የሌለው ነገር የሚመስላቸው አሉ። እውነቱ ግን እንዲህ አይደለም። ከብዙ ዓመት ጀምሮ በአራት ኪሎ አካባቢ ወጣቶች ጋዜጣ ለጥቂት ደቂቃ በሳንቲም እየተከራዩ የክፍት ሥራ ገጹን ሲያገላብጡ፣ በማስታወቂያ ሰሌዳም ፊት ተጋፍተው ቆመው ሲገለብጡ ይታዩ ነበር። ዛሬ ማስታወቂያው በእጅ ስልክ ላይ በቴሌግራም ይደርሳል፤ ስለዚህ የጋዜጣው ኪራይ ቀርቷል። የቀረው ወጪ ግን አልቀረም። ፎቶ ኮፒው፣ ጉርድ ፎቶግራፉ፣ የታክሲውና የአውቶቡሱ ሒሳብ፣ ከወረዳ ወደ ወረዳ የሚባክነው ቀን፣ ይህ ሁሉ ገና ደመወዝ ከሌለው ሰው ኪስ የሚወጣ ነው። ከክፍለ ሀገር መጥቶ በዘመድ ቤት የተጠጋው ሰው ደግሞ በየቀኑ የሚበላው እንጀራ ራሱ ውለታ ሆኖ ይቆጠርበታል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የገንዘቡ ወጪ ሳይሆን፣ ሰውየው ስለ ኑሮው ሊወስን አለመቻሉ ነው። በቅርብ የማውቃት አንዲት ወጣት በአንድ ድርጅት ለገንዘብ ተቀባይነት ቦታ ተፈትና፣ ፈታኙ «ጥሩ ሠርተሻል፤ እንደውልልሻለን» ብሎ አሰናበታት። በዚያው ወር በአዳማ ከተማ የአንድ ሱቅ ሒሳብ እንድትይዝ ተጠየቀች፤ ደመወዙ ጥቂት ያነሰ ነበረ። የአዲስ አበባው መልስ ዛሬ ይመጣል፣ ነገ ይመጣል ስትል የአዳማውን ቦታ ሌላ ሰው ያዘው። ከአዲስ አበባም የሚደወለው ስልክ ሳይደወል ቀረ። ኋላ እንደተሰማው፣ ያ ቦታ ሰው የተቀጠረበት እርስዋ በተፈተነች በሳምንቱ ነበረ። ድርጅቱ «እንቀጥርሻለን ብለን ቃል አልሰጠንም» ብሎ ቢከራከር በሕግ የሚረታው ሰው ላይኖር ይችላል። ሆኖም በሁለት መስመር መልእክት ሊድን የሚችል የአንዲት ልጅ እንጀራ እንደጠፋ ማንም ሊክድ አይችልም።

አንድ ጊዜ ደግሞ አንዲት እናት ከገጠር ወደ ጽሕፈት ቤታችን ደወሉ። ልጃቸው በዕቃ ግምጃ ቤት ለመሥራት ከእኛ ዘንድ አመልክቶ ነበረ። «ልጄ፣ አልቀጠርነውም ብትሉኝ አልቀየምም፤ አጨዳው ሳያልፍ ወደ አገሩ እንዲመለስ ቁርጡን ብቻ ንገሩኝ» አሉ። ምርጫው በዚያው ዕለት አልቆ ስለነበረ፣ ልጃቸው እንዳልተመረጠ ነገርኋቸው። እርሳቸውም «እግዜር ይስጥልኝ፤ ከመንከራተት አዳናችሁን» ብለው መርቀው ስልኩን ዘጉ። እንቢ የተባለ ሰው እናት መራቂ ሆና ስትገኝ፣ ሰውን የሚያስቀይመው እንቢታው ሳይሆን ዝምታው መሆኑን መረዳት አያስቸግርም።

አሁን ወደ ራሳችን ወደ ንግዱ ልማድ እንመለስ። ነጋዴ በሱቁ ግድግዳ ላይ «ቁርጥ ዋጋ» ብሎ ጽፎ የሚሰቅለው፣ ገዢው በከንቱ ሲከራከር ጊዜውን እንዳያጠፋና ሻጩም እንዳይደክም ነው። ፕሮፎርማ ስንሰጥ ዋጋው ለስንት ቀን የጸና እንደሆነ ከታች እንጽፋለን፤ ቀኑ ካለፈ ሁለቱም ወገን ነጻ ነው። ጨረታ ስናወጣ ሣጥኑ የሚዘጋበትንና የሚከፈትበትን ቀንና ሰዓት እንናገራለን፤ ለተሸነፈው ተጫራች ያስያዘውን የጨረታ ማስከበሪያ እንመልስለታለን። ለብዙ ዓመት ሲሠራበት የኖረው በ2001 ዓ.ም. የወጣው የመንግሥት ግዥ አዋጅ ቁጥር 649 እንኳ፣ ለተሸነፉት ተጫራቾች የተሸነፉበት ምክንያት እንዲገለጽላቸው ያዝዝ ነበር። እንግዲህ የወረቀትና የጽሕፈት መሣሪያ ሊያቀርብ ተጫርቶ ለተሸነፈ ነጋዴ ይህን ያህል ወግ ከተጠበቀለት፣ ጉልበቱንና ዕውቀቱን ሊያቀርብ ተወዳድሮ ለተሸነፈ ሰው እንዴት አንድ ቃል ይነፈገዋል?

ሕጉም ቢሆን በዚህ ነገር ላይ ብዙ አይረዳውም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1682 ላይ፣ በልዩ የተነገረው ካልሆነ በቀር ዝምታ እንደ መቀበል እንደማይቆጠር ይናገራል። ስለዚህ ዝምታ እሺታ አለመሆኑን እናውቃለን፤ ዝምታ እንቢታ መሆኑን ግን የሚነግረን የለም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ደግሞ ሠራተኛው ከተቀጠረ በኋላ ያለውን ነገር በዝርዝር ይወስናል፤ የሙከራው ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን እንዳይበልጥ፣ ሠራተኛውም በጠየቀ ጊዜ የሠራውን የሥራ ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ደመወዙን የሚያሳይ ማስረጃ ያለ ክፍያ እንዲሰጠው ያዝዛል። ነገር ግን ይህ ጥበቃ የሚጀምረው ሰውየው በሩን አልፎ ከገባ በኋላ ነው። በበሩ ላይ ቆሞ የሚጠብቀው ሰው የሚጠበቅለት በእኛ ወግና በእኛ ኅሊና ብቻ ነው። ሕግ ያልደረሰበትን ቦታ ደግሞ የነጋዴ ወግ ሲሞላው መኖሩን አረጋውያን ነጋዴዎቻችን ከእኔ ይልቅ ያውቁታል።

በዚህ አሳብ ላይ የሚነሡትን መቃወሚያዎች አልዘነጋሁም። የመጀመሪያው የአመልካቹ ብዛት ነው። በእርግጥም ብዛቱ እየጨመረ የሚሄድ ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 ከመቶ ሆኑ። በማካካሻ ትምህርት የተረዱት ቢኖሩም፣ የቀሩት አብዛኞቹ ትምህርት ቤቱን ጨርሰው የሚያንኳኩት የእኛን በር ነው። ለአንድ የሽያጭ ሠራተኛ ቦታ 300 ሰው ቢያመለክት የሚያስደንቅ አይሆንም። ነገር ግን እስቲ ሒሳቡን እናስላው። መልእክቱ አንድ ጊዜ ተረቅቆ ለእያንዳንዱ ሰው በስሙ በእጅ ስልክ ቢላክና ለአንዱ አንድ ደቂቃ ቢወስድ፣ ለ300ው ሰው 300 ደቂቃ፣ ማለትም 5 ሰዓት ይፈጃል። ይህም ከአንድ ጸሐፊ የ8 ሰዓት የሥራ ቀን ያነሰ ነው። እንዲያውም መልስ ያጡ አመልካቾች በየቀኑ እየደወሉ የሚወስዱት ጊዜ ከዚህ የሚበልጥ መሆኑን ስልክ የሚያነሣ ጸሐፊ ሁሉ ይመሰክራል።

ሁለተኛው መቃወሚያ «እንቢ ካልን ምክንያቱን ንገሩኝ ይለናል፤ ከዚያም ጭቅጭቅ ይከተላል» የሚለው ነው። ምክንያቱን ለመዘርዘር ጊዜ የሌለው ድርጅት ምክንያቱን ይተወው፤ ውሳኔውን ግን ለመናገር የሚከለክለው ነገር የለም። እንዲያውም ጭቅጭቅን የሚወልደው ዝምታው ነው። መልስ ያላገኘ ሰው ሌሊት ተኝቶ የሚያስበው፣ ቦታው በዘመድ ተያዘ፣ በገንዘብ ተሸጠ፣ ወይም በትውልዴ ምክንያት ገፉኝ እያለ ነው። ምርጫውን በቅን ያደረገ ነጋዴ ይህ ሐሜት እንዲደርስበት ለምን ይፈቅዳል?

ሦስተኛው መቃወሚያ ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስብ ነው። «አንደኛ የወጣው ሰው ላይመጣ፣ ወይም በሙከራው ጊዜ ሳይሆነን ሊቀር ይችላል፤ ሁለተኛውን አስቀድመን ብናሰናብተው ከየት እናገኘዋለን?» ይላሉ። እውነት ነው፤ ነጋዴ በመጋዘኑ ትርፍ ዕቃ እንደሚያኖር ሁሉ ተጠባባቂ ሰውም ሊኖረው ይገባል። ነገር ግን ዕቃ ሳያውቅ በመደርደሪያ ላይ ሊቀመጥ ይችላል፤ ሰው ግን ተጠባባቂ መሆኑን ሊያውቅና ሊስማማበት ይገባል። እኛ ዘንድ አንድ ጊዜ ለሒሳብ ሠራተኛነት ሁለተኛ የወጣችውን ተወዳዳሪ፣ «ተጠባባቂ ነዎት፤ እስከዚህ ቀን ካልጠራንዎት ነጻ ነዎት» ብለን በጽሑፍ አስታወቅናት። እርስዋም ፈቅዳ ጠበቀች። አንደኛ የወጣው ሰው ሌላ ሥራ አግኝቶ ሲቀር፣ ቀኑ ሳያልፍ ጠራናትና መጥታ ሥራዋን ጀመረች። ቀኑን ባንነግራት ኖሮ ምናልባት ስንደውልላት በሌላ ድርጅት ወንበር ላይ ተቀምጣ እናገኛት ነበር።

ይህም ነገር ለእኛው ለራሳችን ጥቅም ወደሚሆነው አሳብ ያደርሰኛል። መልስ ሳይሰጡ ማቆየት ቀጣሪውን የሚያከብረው ይመስላል፤ ነገር ግን ከሰዎቹ መካከል መርጦ የሚያስቀርለት የማይፈለጉትን ነው። ብልህና ትጉህ የሆነው አመልካች በሦስት ቦታ አመልክቶ ቀድሞ የመለሰለትን ይይዛል፤ ከሁለት ወር በኋላ ስልኩን አንሥቶ «አቤት» የሚለን ግን ሌላ የፈለገው ሰው የሌለው ነው። ከዚህም በቀር የዛሬው አመልካች ነገ ደንበኛ ሆኖ ይመጣል፤ በባንክ መስኮት ወይም በጉምሩክ ጽሕፈት ቤትም እናገኘው ይሆናል። የድርጅቱን ስም ሲሰማ የሚያስታውሰው መልካም መልስ ቢሆን ይሻላል ወይስ ዝምታ?

ሌላም አደጋ አለ። እውነተኛው ቀጣሪ ዝም ሲል በመካከሉ የሚናገር ሐሰተኛ ይነሣል። በዝምታው መካከል ደላላው ገብቶ «ሰው አውቃለሁ፤ ጉዳይህን አስጨርስልሃለሁ» ብሎ ገንዘብ ይቀበላል። የድርጅቶችን ስም አስመስሎ በቴሌግራም ማስታወቂያ የሚያወጣና የመመዝገቢያ የሚያስከፍል አታላይም አለ። አመልካቹ ከድርጅቱ ራሱ በተቆረጠ ቀን መልስ እንደሚያገኝ ቢያውቅ ኖሮ ለደላላው የሚከፍልበት ምክንያት ባልነበረው። ስለዚህ ግልጽ መልስ መስጠት የድርጅቱን ስም ከአታላዮች ለመጠበቅም የሚረዳ መሣሪያ ነው።

እንግዲህ ለምክር ቤቱ አባሎች የማቀርበው አሳብ ሦስት ነገሮችን የያዘ ነው። አንደኛ፣ በእያንዳንዱ የክፍት ሥራ ቦታ ማስታወቂያ ግርጌ መልስ የሚሰጥበት የመጨረሻ ቀን ይጻፍ። ለምሳሌ «ምዝገባው ካበቃ በኋላ በ15 የሥራ ቀኖች ውስጥ ያልተጠራ አመልካች አለመመረጡን ይወቅ» ማለት ብቻውን ብዙ ሰው ከመንከራተት ያድናል፤ ይህም አንድ ሳንቲም አያስወጣም። ሁለተኛ፣ ለጽሑፍ ወይም ለቃል ፈተና በአካል ለቀረበ ሰው ሁሉ ውጤቱ በስሙ ይነገረው። ሰውየው ቀኑን ሰጥቶ፣ ጫማውን ጠርጎ፣ በፊታችን ቀርቦ ለጥያቄያችን መልስ ሰጥቷል፤ እርሱም ለጥያቄው መልስ ይገባዋል። ሦስተኛ፣ ተጠባባቂ ሆኖ የሚቆይ ሰው ተጠባባቂነቱና የሚያበቃበት ቀን በግልጽ ይነገረው።

መልእክቱም ረዥም መሆን አያስፈልገውም። «ለድርጅታችን ስላመለከቱ እናመሰግናለን። ለተወዳደሩበት የሥራ ቦታ ሌላ ተወዳዳሪ ስለተመረጠ በዚህ ጊዜ ልንቀጥርዎት አልቻልንም። መልካሙን ሁሉ እንመኝልዎታለን» ቢባል ይበቃል። ይህን ለመጻፍ የተማረ አማካሪ መቅጠር አያሻም፤ የማንኛውም ነጋዴ ጸሐፊ ሊጽፈው ይችላል። የሚጠበቀው የአሠሪው ፈቃድ ብቻ ነው። ጸሐፊ ያለ አሠሪው ትእዛዝ በድርጅቱ ስም መልስ ሊሰጥ አይችልምና፣ ይህ ጽሑፍ በተለይ የሚለምነው ጌቶቻችንን አሠሪዎችን ነው።

አመልካቾችም ቢሆኑ ግዴታ የለባቸውም ማለቴ አይደለም። ሥራ ያገኘ ሰው በሌላ ቦታ ያስገባውን ማመልከቻ እንዲሰርዙለት ቢያስታውቅ፣ ቦታውን ለሚቀጥለው ወንድሙ ወይም እኅቱ ይለቅቃል። የስልክ ቁጥሩን የለወጠ ሰው አዲሱን ቢያስመዘግብ፣ ለፈተና የተጠራም ሰው የማይመጣ ከሆነ አስቀድሞ ቢናገር መልካም ነው። «እሺ፣ ሰኞ እጀምራለሁ» ብሎ ሳይመጣ የሚቀር ሰው ብዙ መሆኑን አሠሪዎች የሚያማርሩት ያለ ምክንያት አይደለም። ነገር ግን ወጉን መጀመር የሚገባው አቅም ያለው ወገን ነው። ቤቱም፣ ስልኩም፣ ጸሐፊውም፣ ደመወዙም ያለው በቀጣሪው እጅ ነውና፣ የመጀመሪያው እርምጃ ከእርሱ ይጠበቃል።

የአዲስ አበባ ንግድ ምክር ቤት በ1939 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ ነጋዴዎች ተበታትነው ሊፈጽሙት የማይችሉትን በኅብረት ለመፈጸም መሰብሰቢያ ሆኖ ኖሯል። አንድ ነጋዴ ብቻውን መልስ መስጠት ቢጀምር መልካም ነው፤ አባሎች በሙሉ ቢስማሙበት ግን የከተማው ልማድ ይሆናል፤ ልማድ የሆነ ነገር ደግሞ ያለ አዋጅ ይጸናል። ምክር ቤቱ ከላይ የተመለከቱትን ሦስት ነገሮች አባሎቹ እንዲቀበሏቸው በአንድ ስብሰባ ቢያነጋግርባቸውና የማስታወቂያውንና የመልሱን ቃል ናሙና አዘጋጅቶ ቢያድል፣ ለአገራችን ወጣቶች ከሚደረገው እርዳታ ሁሉ ወጪው ያነሰ ይሆናል። ለሁሉ ሥራ መስጠት ከነጋዴው አቅም በላይ ነው፤ ለሁሉ መልስ መስጠት ግን ከአቅሙ በላይ አይደለም። ስለዚህ ጉዳዩን የምክር ቤቱ አባሎች እንዲመክሩበት በትሕትና አቀርባለሁ።